የእትዬ ጥሩሸዋ ኮሶ

በመንዝ፣ ዘመሮ ገበያ ላይ አርባ ዓመት ኮሶ ሲሸጡ የኖሩት እትዬ ጥሩሸዋ ዛሬ ደንበኛ የላቸውም። የዘንድሮ ሰው ትል ሲታይበት ፋርማሲ ይገባል፤ ክኒኑን በውኃ ዋጥ አድርጎ እዚያው ገበያ ሲዞር ይውላል። በእሳቸው ጊዜ ግን ኮሶ መጠጣት እንዲህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኮሶ የጠጣን ሰው ዳኛ አይጠራውም፣ ሽማግሌም አያስነሳውም። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ደጃፍ የደረሰ እንግዳ እንኳ ይመለሳል።

እሳቸው የሚናፍቁትም ያንን ቀን ነው። ባላቸው አያ ጫኔ ከእርሻና ከበግ የማይላቀቁ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ሆዳቸው ሲረጋ ለኮሶው ማሻሪያ የታረደውን ዶሮ እየበሉ ያወራሉ፤ ሚስታቸውን አየት እያደረጉ ይስቃሉ። ጥሩሸዋ ከትዳራቸው ሁሉ እነዚያን ቀኖች ነበር የሚወዱት፤ ይኼንን ለመናገር ዛሬም አያፍሩም።

የማይናገሩት ሌላ ነገር ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አያ ጫኔ አንድ ጣሳ ጠጥተው ትሉ አልወጣ ቢላቸው፣ ጥሩሸዋ በማግስቱ ሁለተኛ ጣሳ በጥብጠው ሰጧቸው። በሳምንቱ የአያ ጫኔ ዓይን ደበዘዘ፤ ቆይቶም ጨርሶ ጠፋ። አገሩ ምች ነው አለ፤ ጠበልም ተሞከረ። ጥሩሸዋ ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለው አመኑ፤ ለንስሐ አባታቸው እንኳ ሳይነግሩ ባላቸውን እጃቸውን ይዘው ሲመሩ ኖሩ።

ዶክተር ምሥራቅ የዚያው የመንዝ፣ የሞላሌ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ የመድኃኒትን ጠባይ ታጠናለች፣ ታስተምራለችም። ኮሶ መሸጣቸውን ሰምታ አምና በስልክ ሥራዋን ስታስረዳቸው፣ የትል ጡንቻ ዓይን በማያያቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ በየሕዋሱ ግድግዳ ላይ ካልሲየምና ሶዲየም የሚያሳልፉ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ እኛ አዮን ቻናል እንላቸዋለን አለቻቸው። በሮቹ ያለ ጊዜያቸው ሲከፈቱ ትሉ ተኮማትሮ የሰውየውን አንጀት ይለቃል። የእሷ ጥያቄ ኮሶ እነዚያን በሮች ይነካል ወይ የሚል ነው። ከዚያም ተማሪዋን ልካ ከሰፈራቸው አንድ ከረጢት የኮሶ አበባ አስለቅማ ነበር።

በጥር ራሷ ቤታቸው መጣችና መደብ ላይ ተቀምጣ ውጤቱን እያፈረች ነገረቻቸው። ዓመቱን ሙሉ እሷና ተማሪዎቿ ኮሶውን በትል ላይ ሞክረዋል፤ ትሉ ንቅንቅ አላለም። ምናልባት ሰውን ሲያድነው የኖረው መጾሙና ማስቀመጡ ይሆናል አለች።

ጥሩሸዋ መጀመሪያ ደማቸው ፈላ። አርባ ዓመት መራራ ውኃ ነው የሸጥኩት ማለት ነው? ቀስ እያሉ ሲያስቡት ግን ሌላው ነገር ታያቸው። ኮሶው ባዶ ከሆነ የጫኔን ዓይን እሳቸው አላጠፉትም። እውነቱን ለመናገር ደስ አላቸው፤ ከትከሻቸው ሸክም የወረደላቸው ያህል ቀለላቸው።

ምሥራቅ የተረፈውን አበባ ልትመልስላቸው ከረጢቱን ፈታች። ጥሩሸዋ ዘግነው ሲያዩት ነጣ ያለ ነው፤ የወንዴው ዛፍ አበባ። ተማሪው ቅርብ ያገኘውን ቆርጦ ሄዷል። የሚጠጣው ቀዩ፣ የሴቴው አበባ መሆኑን የመንዝ ሴት ሁሉ ያውቀዋል፤ የተማረ ሰው ግን መጠየቅ ይከብደዋል። ዝም ቢሉ ኮሶው ባዶ እንደተባለ ይቀራል፤ ማንም አይደርስባቸውም። አበባውን ወደ ከረጢቱ መለሱት። አያ ጫኔ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው ይሰማሉ።

«ይኼ ወንዴው ነው፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «መድኃኒቱ ሴቴው ነው፤ ከጓሮዬ ቆርጬ እሰጥሻለሁ። መጠኑንም ግን ጻፊ። በሁለት ቀን ሁለት ጣሳ የጠጣ ሰው ዓይኑ ጠፍቷል ብለሽ ጻፊ። የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየውም ይኸው።»

ምሥራቅ ከመጠን ያለፈ ኮሶ ዓይን እንደሚጎዳ ሐኪሞች ቀድመውም ጽፈዋል ብላ በዝግታ ነገረቻቸው።

አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው» አሉ። «ያን ቀን እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ የተረፈውን ኮሶ ራሴ በጥብጬ ጠጣሁት። ቶሎ ወጥቶልኝ ወደ እርሻዬ ልሂድ ብዬ ነው።»

ጥሩሸዋ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን እንደደበቋቸው ጠየቁ።

«ራስሽን እንደምትወቅሺ ገብቶኝ ነበር፤ ጥፋቱ የራሴ መሆኑን ካወቅሽ ትተሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ» አሉ አያ ጫኔ።

ጥሩሸዋ ተናደዱ። ያለ ጥፋታቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት መቃጠላቸው አንገበገባቸው፤ ትሄዳለች ተብለው መጠርጠራቸው ግን ከዚያም ባሰባቸው። የሚናገሩት ብዙ ነበራቸው፤ ከአፋቸው የወጣው «አንተን ትቼ የት ልሄድ?» የሚል ብቻ ነበር።