ጫት የዘገየበት ሐሙስ

የውብዳር በሰው አገር፣ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር በሚገኘው የማዳም ኻሊዳ ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። በሁለት ዓመት ውስጥ የግቢውን በር አልፋ የሄደችበት ሩቅ ቦታ ቢኖር የቆሻሻ ገንዳው ነው። ፓስፖርቷና ስልኳ የማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ስትጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ «ይታሰብበታል።»

ደግነቱ ቦንቱ አለች። እሷም የሰው ቤት ሠራተኛ፣ እሷም በር የተቆለፈባት ናት። የተዋወቁት በማዳም ልጅ በሁዳ ታብሌት፣ ከየአገሩ ያለ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ ማሳ በሚያርስበት የልጆች ጨዋታ ውስጥ ነው። ቀትር ላይ ጫት ሲመጣ አባወራው ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል፤ ማዳምም ሁዳም ይተኛሉ። ያኔ የውብዳር ታብሌቱን ይዛ ኩሽና ትገባለች። ቦንቱ ቤትም እንደዚያው ነው። ቲማቲም እየተከሉ ይጻጻፋሉ፤ ሆድ ሲብሳቸውም ያለቅሳሉ። ቦንቱ የምትኖረው ዋራበሌ የሚባል ሩቅ ሰፈር ነው፤ ደላላው በተሸፈነ መኪና አምጥቶ ሲያወርዳት እንደዚያ ብሏታል። ለየውብዳር ዋራበሌም ጨረቃም አንድ ነው።

ሰኞ ዕለት ሁዳ የፈረንሳይኛ ማስታወቂያ አነበበችላት። ጨዋታው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«በቃ? ለሁልጊዜ?»

«ተጫዋቾቹ ‹ለእኛ ስጡን፣ እኛው እናስኬደዋለን› ብለዋል። ኩባንያው ይታሰብበታል አለ።»

የውብዳር ተስፋ ቆረጠች። የዚያን ቃል ትርጉም ከሷ በላይ ማን ያውቀዋል?

ለሐሙስ ሊሰነባበቱ ተቀጣጠሩ። ሐሙስ ግን ጫቱ ዘገየ፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ አሉ። ስምንት ሰዓት አለፈ። አባወራው ግቢውን እየዞረ ይቆጣል፣ ማዳም ዓይኗን አልከደነችም፣ ሁዳ ታብሌቷን አቅፋለች። የውብዳር የታጠበ ሰሃን ደግማ እያጠበች ሰዓቱን ታያለች። የሷ ስንብት በአንድ እስር ቅጠል መያዙ አንገበገባት።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ጫት ሻጯ ናዒማ መጣች፤ አቀብላም ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደች። ቤቱ ጸጥ ሲል የውብዳር ታብሌቱን ከተኛችው ሁዳ ክንድ ሥር ስባ ከፈተች። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ቦንቱ ማሳው ዳር ቆማለች።

«እኛም ቤት ጫቱ ዘግይቶ ሰውዬው ሊበላን ነበር» ብላ ጻፈች። «አሁን ደግሞ ደርቋል ብሎ ሻጯ ፊት ላይ ወረወረው። በር ላይ እየተጨቃጨቁ ነው።»

የውብዳር መልስ ልትጽፍ ስትል ከጓሮ በኩል የናዒማ ጩኸት ተሰማ። በሶማሊኛ «ፊቴ ላይ? ጫት ፊቴ ላይ ትወረውራለህ?» ትላለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ማሳው ከነቦንቱ ጠፋ።

ታብሌቱን ጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ልብስ ያሰጣችበት ግንብ ከቁመቷ ይበልጣል፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። አፏን አስጠጋች።

«ቦንቱ! እኔ ነኝ፣ የውብዳር!»

ከግንቡ ማዶ ባልዲ ወደቀ። አንድ የሴት ድምፅ መጣ።

«የውብዬ… ዋራበሌ ድረስ ማን አመጣሽ?»