ስፓርታን ቆሜ ያስረዳሁ ዕለት

ዛሬ የታሪክ ቲቸራችን ስሜን ስትጠራ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ልክ እንደ አገር ቤት!

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ተማሪ ተቀምጦ ነው የሚመልሰው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ካልተናገርኩ ደግሞ ማርኬ ዜሮ ነው።

«ከተነሳሽ አይቀር ነይ፣ ካርታው ላይ አሳዪን» አለችኝ።

ሮማውያን ስፓርታን አሸንፈው የባሕር ዳር ከተሞቿን እንደወሰዱባት በጣቴ እያሳየሁ ተናገርኩ። «ራሷን ችላ ቀረች፤ ግን ባሕር የላትም። ኮሎምበስ ዙሪያዋን እንደከበባት ትንሽ ከተማ እንደ ቤክስሊ፣ ዙሪያዋ የሌላ ሆነ።»

«ያ ሁሉ ጦረኛ ምን ይሠራ ነበር?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይሸነፍ ነበራ!» አልኩት ሳላስበው። ክላሱ በሳቅ ፈነዳ፤ ቲቸሯም ጭምር።

እፎይ! (ስመለስ የሰው ወንበር ላይ ልቀመጥ ነበር።)

እናንተንስ ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ልማድ ሰው ፊት አጋልጧችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።