የደርቤ ደም

ዘቢደር የመጀመሪያ ልጇን ብርሃኔን እቤቷ በሰላም ተገላገለች። ከእሷ ወዲህ የመጡት ግን አልበረከቱላትም። ሁለተኛው ወንድ ነበር፤ በተወለደ ማግስት ዓይኑም ገላውም እርድ የተቀባ ይመስል ቢጫ ሆኖ፣ ጡት እንኳ በወጉ ሳይዝ ሞተ። ሦስተኛዋ ሞታ ተወለደች።

ለዚህ ነገር ዳባት ዙሪያ ስም አለው፤ ሾተላይ ይሉታል። ሾተላይ ያለባት ሴት የወለደችውን ትበላለች ይባላል። ዘቢደርን ፊት ለፊት ያላት ሰው የለም። ብቻ አራስ ልትጠይቅ ስትገባ ሕፃኑን በነጠላ ሸፈን ያደርጉታል። አማቷ እማማ ወለተ ሥላሴም የሌላ ምራታቸውን ልጅ እንዲሁ ሲሸፍኑ አይታለች። ዘቢደር በሰፈሩ ጠላዋ የተመሰገነ ባለሙያ ነበረች፤ በገበያ ቀን ገበሬው እህሉን ሸጦ ሲመለስ እሷ ቤት ሳይቀመጥ አያልፍም። ጠላዋን እያመሰገኑ ይጠጣሉ፤ ልጃቸውን ግን አያሳቅፏትም።

ባሏ ደርቤ ነገር የማይወድ ዝምተኛ ገበሬ ነው። ዘመዶቹ «ፍታትና ሌላ አግባ» ሲሉት «ብርሃኔን የሰጠን አምላክ እኛን አይረሳም» ከማለት ሌላ አይመልስም። ያልወሰዳት ጠበል የለም። በኋላ ጤና ኤክስቴንሽኗ «ሁለታችሁም ደማችሁን ተመርመሩ» ስትላቸው እሺ ብሎ ደባርቅ ይዟት ሄደ።

ደም ሰጥተው ሲጠብቁ ቆይተው በመስኮት ሁለት ቁራጭ ወረቀት ተሰጣቸው። «ለሐኪሙ አሳዩት» ተባሉ። ሐኪሙ ስብሰባ ገብቷል። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሚኒባሱ እንዳያመልጣቸው ፈሩና፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ተነሡ።

ዳባት ሲወርዱ ደምለው ሱቅ ጎራ አሉ። ደምለው እስከ አስረኛ ክፍል የተማረ ባለሱቅ ነው፤ የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣ ለሰፈሩ የሚያነበው እሱ ነው። የዘቢደርን ወረቀት ገለጠ። ከቃሉ ፊት አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ነበረች፤ ምልክት መስላው አለፋት።

«ያንቺ ነጌቲቭ ነው» አላት።

የደርቤን ግን አንሥቶ ሁለቴ አነበበው።

«የሱስ?» አለች።

«ፖዘቲቭ ይላል» አለ ደምለው፣ ደርቤን ላለማየት ወደ መደርደሪያው ዞሮ።

እነዚህን ሁለት ቃላት በዚያ አገር የማያውቅ የለም። የኤች አይ ቪ ነገር በገበያ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ነው ሰው የለመዳቸው፤ ነጌቲቭ የተባለ እልል ይላል፣ ፖዘቲቭ የተባለ ራሱን ይይዛል። ዘቢደር ለባሏ አላዘነችም። መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ተሸክማው የኖረችው ስም ከትከሻዋ ወርዶ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ በዓይኗ ያየችው መሰላት።

«ልጆቼን የበላሃቸው አንተ ነህ!» ብላ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጮኸች።

«እኔ ካንቺ ሌላ ሴት አላውቅም፣ ዘቢደር።»

«ታዲያ ወረቀቱ ይዋሻል?»

ለአማቷ ነገረች። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሴቶቹ ነገረች፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ጠርተው «ልጄ፣ ተመልሳችሁ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ» ቢሏት «እርስዎም ለወንድ ያደላሉ፣ አባ» አለቻቸው። ወደ ሐኪሙ ግን ማንም አልተመለሰም። ደርቤ አንድ ጠዋት በሬዎቹን ውኃ አጠጥቶ፣ ብርሃኔን ስሞ፣ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ቆላ ወርዶ ዛሪማ አጎቱ ዘንድ ገባ ተባለ።

ከሄደ በኋላ ነው ማርገዟን ያወቀችው። ሆዷ ገፍቶ ለክትትል ዳባት ስትሄድ ሲስተር ሳጂዳ ዘንድ ተራ ደረሳት። ሳጂዳ ከከተማው ነጋዴዎች የአንዱ ልጅ፣ አዋላጅ ነርስ ናት። ያለፉትን ልጆች ነገር አንድ በአንድ ጠይቃ ስታበቃ «የልጁ አባት ደምስ?» አለቻት።

«ፖዘቲቭ» አለች ዘቢደር ዝግ ብላ፣ ቋጥራ የያዘቻቸውን ሁለቱን ወረቀቶች እያወጣች።

ሳጂዳ አየቻቸው። «ይሄ እኮ የደም ዓይነት ነው፣ እቴ። ስለ ቫይረስ እዚህ ላይ ምንም የለም፤ ጭራሽ አልተመረመረም። ያንቺ ደም ኦ ነጌቲቭ ይባላል፣ የሱ ኤ ፖዘቲቭ። ሁለቱም የጤነኛ ሰው ደም ነው።»

«ልጆቼስ?»

«ልጅ የአባቱን ደም ይዞ ሲመጣ ያንቺ ደም እንደ ባዕድ ያየውና ይዋጋዋል። የመጀመሪያዋ ታመልጣለች፤ የሚጎዱት ከሷ በኋላ ያሉት ናቸው። ሾተላይ የምትሉት ይህንኑ ነው።»

«እኔ ነኛ የበላኋቸው?»

«ማንም አልበላቸውም። ብርሃኔን እንደወለድሽ የሚወጋ መርፌ ነበረ። አሁን አልፏል።»

«ማን ነገረኝ?» አለች ዘቢደር።

ሳጂዳ ብዕሯን አነሣች። ለጎንደር ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችላትና፣ ምጥ ሳትጠብቅ እንድትሄድ አጥብቃ አስጠነቀቀቻት።

ዘቢደር ግን ከጎንደር በፊት በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዳ ዛሪማ ገባች። ደርቤ የአጎቱን አጥር ሲያጥር አገኘችው። ሆዷን አየ፤ እጁ ላይ የነበረውን እንጨት አስቀመጠ።

«በሽታ የለብህም፣ ደርቤ» አለችው ሳትቀመጥ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«እዚህ እንደመጣሁ ተመረመርኩ። አላመንኩም፣ ደገምኩ። ነጻ ነህ አሉኝ።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ለማን ልንገር? አንቺ ደጀ ሰላም ቆመሽ ነግረሽ ጨርሰሽ፣ እኔ ወረቀት ይዤ በየቤቱ ልዙር?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሾተላይ ሲሉሽ፣ እኔ አንድ ቀን ልጆቼን በላሽ ብዬሻለሁ?»

«አላልከኝም።»

«ለኔ ሲሆን ግን ከሱቅ እስክንወጣ እንኳ አልታገሥሽኝም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ለሠራችው ሁሉ የሚበቃ አልመሰላትም። ደርቤ እንጨቱን መልሶ አነሣ። «ልጁ የኔ ነው፤ አልክድም። ክርስትናው ላይ እመጣለሁ። እዚያ ቤት ግን አልመለስም።»

ጎንደር ወንድ ልጅ ወለደች። እንደ ወንድሙ ቢጫ ነበር፤ ደሙን በሌላ ሰው ደም ለወጡለትና ተረፈ። ዳባት ስትመለስ ልጁን አዝላ፣ ቤት ለቤት እየዞረች፣ በጮኸችበት ደጀ ሰላም ጭምር እውነቱን ተናገረች። ሴቶቹ «እሰይ» ይላሉ፤ ስትሄድ ደግሞ «ለልጇ አባት ስትል ነው» ይባባላሉ። ደምለው ራሱ «በዓይኔ ያነበብኩትን?» ብሎ ድርቅ አለ።

በክርስትናው ቀን ደርቤ መጣ። ልጁን ታቅፎ ግንባሩን ሳመ፣ ከዳስ ጥግ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ጠላ ጠጣ። ጎረቤቷ ሸጊቱ ጽዋውን ከፊቱ አንሥታ፣ ጓዳ ገብታ፣ ከሌሎቹ ለይታ መሬት ላይ አፉን ደፍታ አስቀመጠችው። ዘቢደር ከጋኑ አጠገብ ሆና አየቻት። ዝቅ አለችና ጽዋውን አንሥታ፣ ሳታጥብ፣ ከጋኑ ሞልታ ሴቶቹ ፊት ቆማ እስከ አተላው ጠጣችው።

ሸጊቱ አጠገቧ ወዳለችው ጠጋ አለች። «አላልኳችሁም? እሷም አለባት፤ ደብቃን ነው እንጂ።»

ደርቤ ማኅበሩ ሳይበተን ተነሥቶ የዛሪማን መኪና ተሳፈረ። በተከታዩ ገበያ ዘቢደር እንደ ልማዷ ጠላውን አጥልላ፣ መደቡን ጠርጋ ጠበቀች። ገበሬዎቹ አህያቸውን እየነዱ በደጇ አለፉ፤ ሰላምታ ሰጧት፣ የልጁን ደህንነት ጠየቋት፣ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ጠላው ቆይቶ ኮመጠጠ። ልጁን አዝላ፣ በማድጋ እየቀዳች፣ ደርቤ ትቷቸው ለሄዱት በሬዎች ገንዳ ላይ ደፋችው።