የዝክሩ በላተኞች

ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እናቴ ናዝሬት ላይ፣ በአሰብ መንገድ ዳር፣ እኔ ሳልወለድ የከፈተችው ምግብ ቤት የተዘጋው ገበያ አጥቶ አይደለም። ያስዘጋው በአንድ ቀን ምሳ የተሠራ የግብር ግምት ነው።

ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ነበረን። የከባድ መኪና ሾፌሮች ቅቅሏን ሳይቀምሱ ወደ አዋሽ አይወርዱም። በደርግ ዘመን እህሉ በወረፋ ሲሆን እንኳ አልዘጋችም። በየወሩ በሚካኤል ዕለት ደግሞ ገበያውን ትታ ችግረኛውን ሁሉ በነፃ ታበላለች፤ የስለቷ ዝክር ነበር።

በዚያው በደርግ ዘመን የትንሽ ነጋዴ ግብር የሚወሰነው በዓይን ግምት ነው። ገማቾቹ በዚያው በሚካኤል ዕለት መጥተው በር ላይ ቆመው በላተኛውን ቆጠሩ። እናቴ እንደ ልማዷ "ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ!" ብላ ሰሃን ሰጠቻቸው። ከገማቾቹ አንዱ ወጣት ሽሮ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ከዚያ የትልቅ ሆቴል ግብር ተጣለብን። የዝክሩን ሰው የዘወትር ደንበኛ አድርገውት አረፉ!

አስተማሪ ስለነበርኩ የቅነሳ ማመልከቻውን ጽፌ አብሬያት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አነበበና፣ "እትዬ፣ በነፃ የበላ ሰው ያስመስክሩ። መታወቂያ ያለው ይሁን" አላት።

ደሜ ፈላ። በረንዳ የሚያድር ሰው መታወቂያ ከየት ያመጣል? ለስንት ዘመን ከተማውን ያበላ ቤት እንዳይዘጋ ትንሽ ግብር መቀነስ ይህን ያህል ያንቃል?

እናቴ ግን ጥግ ወደተቀመጠው ወጣት ገማች ዞረች። "ልጄ፣ አንተ መታወቂያ አለህ። የበላህበትን ከፍለሃል?"

ካድሬ ነው፤ ደርግ ሃይማኖተኛን አይወድምና ዝክር በላሁ ቢል ወንበሩን ያጣል። "እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ምንም አልበላሁም" አለ፣ ወረቀቱን እያየ። ዓይን አውጣ!

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። መክፈል አልቻለችምና ቤቱ እንዲታሸግ ታዘዘ። ሊያሽግ የመጣው ያው ወጣት ነው፤ ቀኑም ሚካኤል ነበር። ችግረኞቹ ነገሩን ሰምተው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። እናቴ ቁልፉን ስታቀብለው ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት፣ ዝክሩን ሲበላ አይታው ነበርና፣ ፊቱን ለየችው። አዘነችለት መሰለኝ፣ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"ልጄ፣ አንተስ አልሰማህም? ዛሬ ዝክር የለም፤ ቤቱን ዘጉብን።"