አጣምሜ የተረጎምኩት አቤቱታ

ይህ ነገር የደረሰው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ የአንድ ቡና መጋዘን ጸሐፊ ሳለሁ ነው። ዛሬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሁሉ የማስስ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ትናንት ምን እንደበላሁ እንኳ ባለቤቴን ነው የምጠይቃት። ይህን ግን ብረሳው ደስ ባለኝ፣ አልረሳው አለኝ።

መጋዘኑ ውስጥ አርባ ያህል ሴቶች ቡና ይለቅሙ ነበር። መሬት ላይ ተደርድረው ጥቁሩንና ስባሪውን ከደህናው ይለያሉ። ጠዋት በር ላይ ዘበኛው ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ያድላል፤ ማታ ሲወጡ ይመልሳሉ። የለቃሚዎቹ አለቃ አዴ ዲንቄ ይባላሉ። ባላቸው የሞተባቸው፣ የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያችኑ ሰባት ቁጥር ሲቀበሉ ሲመልሱ ኖረዋል።

አሁን አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ያን ጊዜ አንቺ ነበር የምላቸው። በሃያ አራት ዓመቴ እስክሪብቶ ኪሴ ላይ ሰክቼ፣ አገር የሚያክል ሰው የሆንኩ መስሎኝ። አክብሮትም እንደ ስንብት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዘገየ ምን ይረባል!

በሚያዝያ አንድ የጭነት መኪና ትልቅ የእንጨት ሣጥን አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ አራገፈ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠሩኝና በሩን ዘጉ።

«ይህ ቡና የሚለይ ማሽን ነው። ክረምቱ ሲወጣ መካኒክ መጥቶ ይተክለዋል። ሴቶቹ ካሁኑ ከሰሙ ቡናውን ሳይጨርሱ ጥለውን ይሄዳሉ። ሰማህ?»

ሰማሁ። የሥራ አስኪያጁን ስም አልጠራም፤ ከእሳቸው ስለማልሻል።

ሴቶቹ ሣጥኑን ወደዱት። ምሳቸውን ተቀምጠውበት ይበላሉ፣ ነጠላቸውን ያሰጡበታል። «ኦቦ ጸሐፊ፣ ውስጡ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ «የሥራ አስኪያጁ አልጋ ነው። የአገራችን አልጋ አልቻላቸው አለ» እላለሁ። ሰውየው ወፍራም ናቸው።

«ውይ! እኛ ታዲያ አልጋቸው ላይ ወጥተን ነው ምሳ የምንበላው?» ትላለች አንዷ፤ ሁሉም በሳቅ ይፈርሳሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሳስቃቸው ሰነበትኩ። ቀልደኛነቴን ለራሴ እያደነቅኩ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

አዴ ዲንቄ ብቻ አልሳቁም። በግንቦት መጀመሪያ ብቻዬን የምሆንበትን ሰዓት ጠብቀው መጡ። ቤተሰቦቼ ከሸዋ የመጡ ቢሆኑም እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ የምናወራው በኦሮምኛ ነበር።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አርጆ የሟች ባሌ መሬት አለ። ወንድሙ ልኮብኛል። ዘንድሮ መጥተሽ በቆሎ ካልዘራሽ እኔ ልያዘው ብሏል። እዚህ ሥራው የሚቀጥል ከሆነ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አላስወጣም፣ መሬቱን ይውሰደው። የማይቀጥል ከሆነ ነገውኑ ሄጄ እዘራለሁ። አንተ ወረቀቱን ሁሉ ታያለህ። ጌታን ፈርተህ ንገረኝ፣ ሥራው አለ?»

«ቡና እስካለ ድረስ ለቃሚ አለ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ግን አላየሁም። የሆነ ወረቀት የጠፋብኝ መስዬ መሳቢያ ውስጥ ገባሁ።

«እግዜር ይስጥህ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ወደ አርጆ በሚወርድ ጨርቅ ነጋዴ፣ «መሬቱን ያዘው» ብለው ላኩ።

ክረምቱ አለፈ። መካኒኩ መጥቶ ማሽኑን ተከለ። መስከረም ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ቆርቆሮ ሳያድል በሩ ላይ ቆመ። ከውስጥ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

«ዛሬ ቆርቆሮ የለም።»

«ነገስ?»

«ነገም የለም።»

እንዲል የታዘዘው ይህንኑ ብቻ ነበር። እኔ በመስኮት አይ ነበር። መውጣትማ እንዴት ብዬ!

ሠራተኛ ሲሰናበት አስቀድሞ ሊነገረው እንደሚገባ ሕግ ያዛል ብሎ አንድ አስተማሪ መከራቸው። ሴቶቹም ተሰብስበው አውራጃው ጽሕፈት ቤት ከሰሱ። የቀጠሮው ቀን እኔ መዝገብ ተሸክሜ ሥራ አስኪያጁን ተከትዬ ሄድኩ። ክሱን የሚሰሙት ሹም ኦሮምኛ አያውቁም። አስተርጓሚያቸው በዚያን ቀን ታሞ ቀርቷል። «አንተ ቋንቋውን ትችላለህ አሉ፤ አስተርጉም» አሉኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ሥራ አስኪያጁ ቀድመው ተናገሩ። «ጌታዬ፣ እነዚህ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ማታ ማታ ቆርቆሮውን ሲመልሱ ተሰናብተዋል። በየቀኑ የሚሰናበት ሰው የምን ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል?»

ሹሙ ጥቂት አሰቡ። «ከድርጅቱ በኩል ሥራው ይቀጥላል ብሎ ቃል የሰጣቸው ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስቲ ጠይቃቸው።»

ጠየቅኳቸው። አዴ ዲንቄ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። በኦሮምኛ ያሉት እንዲህ ነው፦

«ቃል የሰጠኝ ይኸው አጠገብዎ የቆመው ልጅ ነው። በግንቦት ጠይቄው ሥራው አለ አለኝ። በእሱ ቃል መሬቴን ለቀቅኩ። ለልመና አልመጣሁም። ዘር ሳያልፈኝ ሊነገረኝ ይገባ ነበር። ይህን ጻፉልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ኦሮምኛ አይሰሙም፤ ፊቴን ግን ያነባሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አፍጥጠው ያዩኛል። ያን ያህል ንግግር በአንድ አረፍተ ነገር ጨረስኩት።

«ምሕረት ይደረግልን ነው የሚሉት» አልኩ።

አዴ ዲንቄ ዞረው አዩኝ። ያን ጊዜ በቤተ ክርስቲያናቸው ስብከቱም ጸሎቱም በአማርኛ ስለነበር «ምሕረት» የምትለዋን ቃል ያውቋታል። «አይደለም! አይደለም!» አሉ። ከዚያ የሚያልፍ አማርኛ አልነበራቸውም።

«ምሕረትማ የአሠሪው ፈቃድ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» አሉ ሹሙ። መዝገቡን ዘግተው ሌላ ባለጉዳይ አስጠሩ። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሴቶቹን ሁሉ እየገፋ አስወጣቸው።

በወሩ ዋና ጸሐፊ ተብዬ ተሾምኩ። ከበታቼ ሌላ ጸሐፊ አልነበረም፤ አለቅነቴ በራሴ ላይ ብቻ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለቡና ግዢ አርጆ ገበያ ሄድኩ። አዴ ዲንቄ በቆሎ ተሸክመው መጡ። ከስተው፣ አጥንታቸው ወጥቶ ነበር። በቆሎው የባላቸው ወንድም ንብረት ነው። በዚያው በለቀቁት መሬት ላይ የሰው ሠራተኛ ሆነው እንደሚኖሩ፣ ልጆቻቸውም ትምህርታቸውን እንዳቋረጡ ነጋዴዎቹ ነገሩኝ።

ቀረብ ብዬ «አካም ጅርቱ፣ አዴ?» አልኳቸው፤ እንደምን ነዎት ለማለት። ሸክማቸውን መሬት አስቀመጡ። በኦሮምኛ አልመለሱልኝም። ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ በአማርኛ፣

«እኔ... ምሕረት... አላልኩም» አሉኝ።

ሸክማቸውን አንስተው ሄዱ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ደግሜም አላየኋቸውም። ካረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው ይባላል።

ይህን ስጽፍ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ጨርሼ ሳነበው እንዲያውም ከበደኝ። የተናገሩትን አሁን ሳልቀንስ ተርጉሜዋለሁ። የሚሰማው ሹም የለም እንጂ።