የባለቤቴ ሳንባ እና የአቃቂ ወጣቶች

መጀመሪያ ያየሁት ሳሉን ሳይሆን ቀበቶውን ነበር። ባለቤቴ ማቴዎስ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወጣቶች ፕሮግራም ሊሄድ ሲለባብስ፣ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳበትን ቀበቶ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሱሪው ሰፍቶ ነው» አለኝ።

ሱሪው አልሰፋም። ሰውየው ነው ያለቀው። ሳሉ ያን ጊዜ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እኔም እንደ እሱ በአቧራ አሳብቤ ዝም ብያለሁ። አቃቂ የሚኖር ሰው በአቧራ ማሳበብ አያቅተውም። ከባድ መኪናው ቀኑን ሙሉ በደጃችን ያልፋል፤ ያጠብኩት ልብስ ሳይደርቅ ግራጫ ይሆናል።

እኛ ሚስዮናውያን ነን። ሚስዮናዊ ሲባል ከባሕር ማዶ የመጣ ፈረንጅ ለሚታያችሁ፣ እኛ የመጣነው ከሆሳዕና ነው። ያሳደገችን ቤተ ክርስቲያን እጅ ጭና፣ ጸልያ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ላከችን። ልጃችን ሶስና ያን ጊዜ ገና ጡት አልተወችም። ሥራችን በፋብሪካዎቹ ዙሪያ ካሉ ወጣቶች ጋር ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ማስጠናት፣ ከጫት ለመውጣት የሚታገለውን መደገፍ፣ ከቤት ተጣልቶ የወጣውን ከቤተሰቡ ማስታረቅ። ከሳሪስ አቦም፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየምም ይመጡ ነበር። የምንሰበሰበው ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤቶች በድምፅ ማጉያው ስለተማረሩ መስኮቶቹን ጥርቅም አድርገን ዘግተን ነበር የምንዘምረው። አርባ ወጣት፣ ሁለት የተዘጋ መስኮት፣ ከፊት ቆሞ የሚያስል ወንጌላዊ። ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ከሳሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን የሰው ሁሉ ሐኪምነት ነው። አንዷ እህት ዝንጅብል በማር ትላለች። ሌላዋ ፌጦ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአገልግሎት ድካም ነው አለ። ሌላው ጠላት አገልግሎቱን ሊያቆም የላከው ውጊያ ነው ብሎ፣ ስድስት ሰው ይዞ መጥቶ፣ በአንዲት ክፍላችን ውስጥ በሩን ዘግቶ ሁለት ሰዓት ጸለየ። ማቴዎስ በመሃል ተቀምጦ ሳለባቸው። እኔ ሻይ አፈላሁ። ጸሎት ጠልቼ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል «ተመርምረሃል ወይ?» ያለ አንድ ሰው መጥፋቱ ነው ያንገበገበኝ።

እሱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ከፋርማሲ ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ዋጠ፤ ለውጥ የለም። ሲመሽ ያተኩሰዋል። አንሶላው በላብ ይርሳል። «ጤና ጣቢያ እንሂድ» ስለው «ከኮንፈረንሱ በኋላ» ይላል። ኮንፈረንሱ ሲያልፍ «ከጥምቀቱ በኋላ»። ከጥምቀቱ በኋላ መሐረቡ ላይ ደም አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ደበቅኩበት። አዎ፣ የወንጌላዊውን ጫማ። «ጫማህን የምትፈልግ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምትሄድበት» አልኩት። ዘጠና ስድስት ጊዜ ጌታ ይገሥጽሽ በሚል ዓይን አየኝ። ግን ሄደ።

አክታ ሰጠ። ራጅ ተነሳ። ውጤቱን የነገረን ወጣት ዶክተር ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ በጣቱ አሳየን። «የሳንባ ቲቢ ነው። አክታህ ፖዘቲቭ ነው፤ ማለትም ለሌላ ሰው ታስተላልፋለህ። ስድስት ወር በአግባቡ ከወሰድክ ትድናለህ። ስንት ሰው ጋር ነው የምትውለው?»

 እኔ መለስኩ። «አርባ» አልኩ። «ከዚያም ይበልጣሉ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

እኔም ስመረመር ነፃ ሆንኩ። ሶስናም በሽታው አልተገኘባትም፤ ግን ሦስት ዓመት ተኩል ስለሆነች የመከላከያ አይሶናያዚድ ጀመረች። የቲቢ ክፍሏ ነርስ ሲስተር ዓለም ለሁላችንም አንድ በአንድ አስረዳችን። ማቴዎስ በየጠዋቱ እየመጣ ፊቷ ቆሞ ይውጣል። ሪፋምፒሲን የተባለው ክኒን ሽንቱን ቀይ ያደርገዋል፤ እንዳይደነግጥ። ለጊዜው ስብሰባ የለም። ወጣቶቹ በሙሉ መመርመር አለባቸው።

ይቺ የመጨረሻዋ ጉድ አመጣች። ቤታችን የመጡት ሽማግሌ ጋሽ ኤርሚያስ ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህት ታደለች፣ ይሄን ነገር በጓዳ ብንይዘው አይሻልም? የአገልግሎቱ ስም አለ» አሉኝ።

«ጋሽ ኤርሚያስ፣ በጓዳ መያዛችን እኮ ነው እዚህ ያደረሰን» አልኳቸው። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሏል። ተከፉ። ያኔ ግድ አልነበረኝም።

ቅዳሜ መጋዘኑ ውስጥ ባለቤቴ በሚቆምበት ቦታ ቆምኩ። አስቀድሜ መስኮቶቹን በመዶሻ እጀታ እየመታሁ ከፈትኳቸው። «ወንጌላዊ ማቴዎስ ቲቢ ይዞታል። ሁላችሁም ሰኞ ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ። ሲስተር ዓለም ትጠብቃችኋለች» አልኩ።  አንዱ ከኋላ ሳል ያዘውና ለማፈን ሲታገል ፊቱ ቀላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

አብዛኞቹ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። ከዚያ ሲስተር ዓለም ደወለች። አንዷ ፖዘቲቭ ናት። ህይወት።

ህይወት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘማሪ ናት። ሁልጊዜ ከፊት ነው የምትቀመጠው።

እናቷ እትዬ በላይነሽ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጃቸው ወደኛ መምጣቷን ድሮም አልወደዱትም። የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ልጄን ልታድኑ ነው የወሰዳችኋት አይደል?» አሉኝ። «እንዲህ አድርጋችሁ ነው የምታድኑት?»

«ከማን እንደያዛት በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም ብላለች ሲስተር…» ጀመርኩ።

«ለኔ ይቻላል» አሉ። ወጡ።

ማቴዎስ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ላይ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ምሳ አልበላም። እራትም አልበላም። እኔም አላባበልኩትም። ከኮንፈረንሱ በኋላ፣ ከጥምቀቱ በኋላ እያለ ያሳለፋቸውን ሳምንታት እየቆጠርኩ ነበር።

ከሁሉም የከፋው የመጣው ሕክምናው በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት ነው።

ማስመለስ ጀመረው። ክኒኑ ሆዱን ነክቶት ነው ብለን ሁለት ቀን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በር ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን ዓይኑን አየሁት። ቢጫ ነው። እጁንም አየሁ። ቢጫ ነው። ሲስተር ዓለም ገና ስታየው «ዛሬ አትውጥም» አለችው። ወደ ሆስፒታል ጻፈችልን።

ጉበቱ ነው። መድኃኒቱ ጉበቱን ጎድቶታል። ሁሉም ቆመ። ክኒን የለም። ግሉኮስ ብቻ። አይበላም። ውሃ አይጠጣም። አንድ ከሰዓት ስሙን ጠርቼው ቆይቶ መለሰልኝ። «ሶስና የት ናት?» አለ። ልጅቷን ሆሳዕና እናቴ ጋር ከላክኳት አራት ቀን ሆኗታል። እሱ ራሱ ነው መናኸሪያ የሸኛት።

የሆስፒታሉን ዶክተር ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «ይሞታል?» አልኳት።

«የጉበቱን ጉዳት የሚያሳየው ኢንዛይም ከወረደ አይሞትም። እንዲወርድ እንጠብቃለን» አለችኝ።

ጠበቅን። አሥራ ሁለት ቀን።

በዚህ መሃል ጠያቂ መጣ። አምጥተው ብርቱካን ይቆልላሉ፤ ሰውየው ውሃ እንኳ አያስተናግድም። አንድ ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ ደግሞ አልጋው አጠገብ ቆሞ «ጌታ መድኃኒቱን ያስቆመው በምክንያት ነው፤ ተፈውሰሃል፣ ወደ መርዙ አትመለስ» አለው። እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነው። ስመለስ ማቴዎስ አቅፎት ያለቅሳል። ሰውየው «አሜን በይ እህቴ» አለኝ። «ምርመራው ሲመጣ እላለሁ» አልኩት።

ኢንዛይሙ ወረደ። ዶክተሯ መጥታ «አሁን መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ እንመልሳለን። ከክኒኖቹ አንዱን፣ ፒራዚናማይዱን፣ እንተወዋለን፤ ስለዚህ ሕክምናው በስድስት ወር አያልቅም፣ ዘጠኝ ወር ይሆናል» ስትል፣ ባለቤቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እኔ አልጀምርም» አለ። «በእምነት እቆማለሁ።»

ለመንኩት። ተቆጣሁት። ጥቅስ ጠቀሰልኝ፤ እኔም ጠቀስኩለት። አብረን አንድ ኮሌጅ ነው የተማርነው። አልሰማኝም።

በማግስቱ በጉብኝት ሰዓት ህይወት መጣች። ማን እንደነገራት እስከዛሬ አላውቅም። ጭንብሏን አድርጋ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን ተወ ይላሉ። እውነት ነው?»

«እግዚአብሔር ነው የሚፈውሰኝ፣ ህይወትዬ» አላት።

«እኔንስ?» አለችው። «እኔ በየቀኑ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እየዋጥኩ ነው። ያቅለሸልሸኛል፤ ግን እውጣለሁ። እኔ ታዲያ እምነት የለኝም ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ ልተወው።»

ማቴዎስ አንሶላውን ከላዩ ገፈፈ። 

«አትተዪ» አላት።

«አንተስ?»

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «ነርሷን ጥሪያት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ተመስገን፣ ለእኛ አሰልቺነት ብርቅ ሆኖብን ነበርና በደስታ ነው የተቀበልነው። መድኃኒቶቹ በየተራ ተመለሱ፤ በየጥቂት ቀኑ ደም እየተመረመረ ጉበቱ እሺ ማለቱን ካረጋገጥን በኋላ ወደ ቤት ገባን። አሥራ አምስት ቀን ሲሞላው ከአልጋ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ ሱቁ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ጤና ጣቢያው በእግሩ መሄድ ቻለ፤ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ድሮ ራሱ ቲቢ ይዞት የነበረው የስልጤው ጋሽ ሸምሱ፣ በየጠዋቱ በሱቁ ደጅ ስናልፍ «እኔም ያኔ ጨርሼዋለሁ፣ አንተም ትጨርሳለህ» ይለው ነበር፤ ይቺ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ስብከት ይልቅ እንደረዳችው ማቴዎስ ራሱ መስክሯል። አክታው ኔጌቲቭ ሆነ። ሶስና ከሆሳዕና ሐዲይኛዋን አሻሽላ፣ አማርኛዋን አበላሽታ ተመለሰች። የወጣቶቹን ፕሮግራም እኔና አራት ልጆች ደጅ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ይዘነው ቆየን፤ በዝናብ ወቅት ስንበታተን ከርመን፣ ማቴዎስ ሲመለስ ካልቀሩት የቀሩት ይበዙ ነበር። ያም አበሳጨኝ። እንደገና ጀመርን።

ይህን ለምታነቡ ሕሙማን የምለው አጭር ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመሩ፤ ከምንም ነገር በኋላ አትበሉ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ካላቆመ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ፤ በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትቀጥሉ። አብሯችሁ ለዋለ ሰው ንገሩ፤ ማፈሩ ያልፋል። ጠያቂዎች ደግሞ መስኮት ክፈቱ፣ ጸሎታችሁን አሳጥሩ፣ ብርቱካኑን ለአስታማሚዋ ስጧት። አስታማሚ ለሆናችሁ፦ ትናደዳላችሁ። በታማሚው፣ በጠያቂው፣ በእግዚአብሔርም ጭምር። እኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ ተናድጄ ነበር። እየተናደድኩ መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቄ አስዋጥኩት፤ ሠርቷል።

ሲስተር ዓለምን፣ ዶክተሯን፣ ጋሽ ሸምሱን አመሰግናለሁ። ጋሽ ኤርሚያስንም፤ በኋላ ራሳቸው ሄደው ተመርምረዋል፣ ለሌሎቹም ተናግረዋል። ህይወትን በምን ቃል እንደማመሰግናት አላውቅም። እሷ ከማቴዎስ ቀድማ ጨርሳለች፤ ድናለች። ወደ ፕሮግራማችን ግን አልተመለሰችም። እናቷ አልፈቀዱም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ማቴዎስ የመጨረሻውን ክኒን በዋጠ በሳምንቱ በሩ ተንኳኳ። እትዬ በላይነሽ ናቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል። ዛሬም ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ድስቱን እጄ ላይ አኖሩት፤ ይሞቃል።

«ንዴቴ አልወጣልኝም» አሉኝ። «እሱን ግን ሳይቀዘቅዝ አብዪው።»