በጠርሙስ ያሳደግሁት እንሰት

ምን እንደምሠራ ሰው ሲጠይቀኝ «አረንጓዴ ነገር እቆርጣለሁ» ነው የምለው፤ ማብራራት ከጀመርኩ ሁሉም ዓይኑን ወደ ስልኩ ይመልሳል። ፍራንክፈርት ዳር ባለ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ንጹሕ አየር የሚነፍስበት የመስታወት ሳጥን ፊት እቀመጣለሁ። በወረንጦና በስለታም ቢላ ከጥፍር የማይበልጥ ቡቃያ ከፋፍዬ ወደ አዲስ ጠርሙስ አዛውራለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ አፈር የለም፤ ስኳርና ማዕድን ያለበት የረጋ ምግብ ነው። አንዱ ቡቃያ በወሩ ሦስት አራት ይሆናል፣ እነሱም በተራቸው ይከፈላሉ። አብዛኛው ኦርኪድ ነው፤ ቬስትኤንድ ሰፈር ያሉ ቢሮዎች መስኮት ላይ አስቀምጠው ውኃ በማብዛት የሚገድሉት።

የታችኛው መደርደሪያ ግን የእኔ ነበር። በአለቃዬ ፈቃድ የእኅቴን እንሰት ስምንት ዓመት አኖርኩበት።

ታላቅ እኅቴ ጉራጌ አገር፣ ወላጆቻችን በተዉት ጓሮ ትኖራለች። እዚያ፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው አሚቾው ተቀቅሎ የሚሰጥ አንድ የእንሰት ዓይነት ነበረን። አሚቾ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ግንዱ ነው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ቀበሌውን ሲያዳርስ ጓሯችን ውስጥ ሁለት እግር ብቻ ተረፈ። አገር ቤት ያለ አንድ ተመራማሪ የአንዱን እምብርት ቡቃያ አጽድቶ፣ የጤና ወረቀት አስይዞ ላከልኝ። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም እግሮች ጠወለጉ። ጎረቤትም ዘመድም ጋ ፈልጋ አጣች። ስለዚህ የቀረው እኔ ጋ ያለው ብቻ ነበር፤ አባዝቼ ልመልስላት ቃል ገባሁ።

እንሰቱ እጄ ከገባ ጀምሮ በየእሑዱ ከሰዓት እንደዋወላለን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት በዓመት ሁለቴ፣ ለበዓል ለበዓል ነበር የምንነጋገረው። ሰባት ዓመቴ ላይ ነው አጎቴ ጋ አዲስ አበባ የተላክሁት፤ አብረን አላደግንም፣ የምናወራው የጋራ ነገርም አልነበረንም። እንሰቱ ወሬ ሰጠን። «እንዴት ሰነበተ?» ትለኛለች፣ ልጅ ያለኝ ይመስል። ስንት ጠርሙስ እንደሆነ፣ ስንት ቅጠል እንዳወጣ እነግራታለሁ። እሷም አባታችን እንዴት ይተክል እንደነበር ትነግረኛለች። አባቴን በደንብ ያወቅሁት በነዚያ እሑዶች ነው።

ሌላ የማወራው ሰው ብዙም የለኝም። የምኖረው ኖርድቬስትሽታት የሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ነው። ጎረቤቶቼ በአሳንሰር ውስጥ ሰላም ይሉኛል፣ በሩ ሲከፈት ደኅና ዋይ ይሉኛል፤ በመካከሉ ምንም የለም። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ሴት ኡባን፣ የምድር ባቡሩ ውስጥ፣ ባገኘችኝ ቁጥር፣ «ውይ እትዬ፣ የግድ መገናኘት አለብን፣ ዛሬ ግን ቴርሚን አለኝ» ትለኛለች። እኔም ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ እንዳለኝ እነግራታለሁ። የለኝም።

በሙያችን አንድ ልማድ አለ። ጠርሙስ ውስጥ የቀላ ቡቃያ ይጣላል። መቅላት የመጨነቅ ምልክት ነው፤ ምግቡ አልቆበታል፣ ወይም አርጅቷል። ፈጥኖ የሚያድገውንና አረንጓዴውን ትመርጪያለሽ፣ የቀላውን ወደ መጣያ። ለአዲስ ሠራተኞች ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ፣ በጀርመንኛ፣ ጣቴን እያወዛወዝሁ። በእንሰቱም ላይ ይህንኑ አደረግሁ፤ በየወሩ፣ ስምንት ዓመት።

ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ችግኝ ወደ አፈር አወጣሁ። በጋውን በረንዳ ላይ፣ ብርዱን ሳሎን ውስጥ አሳለፉ። ባለፈው ሰኔ አንዱ በቁመት ከእኔ በለጠ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ካለኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ የእሑዱን ስልክ በቪዲዮ ደወልኩ።

እኅቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች።

«ገልብጪው እስቲ፣ ጀርባውን አሳዪኝ» አለች።

ቅጠሉን ገለበጥሁት።

«ያምራል» አለች። «የማን ነው?»

«የኛ ነዋ።»

«የኛ ጅማቱ ቀይ ነው፣ እኅቴ። ከሥር እስከ ጫፍ፣ ገና ከአፈር ብቅ ሲል ጀምሮ ደም ይመስላል። በእሱ ነው የምንለየው።»

እኔ እሱን የማውቀው ተቀቅሎ፣ ሳህን ላይ ነበር። ቀለሙን ያየ ዓይን የእሷ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ስምንት ዓመት ነበረኝ፣ አልጠየቅኋትም። ባለሙያዋ እኔ ነኛ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እየተቆራረጠ የሚባዛ ተክል ሁልጊዜ እናቱን አይወጣም፤ አንዳንዱ ቡቃያ ሳይታወቅ ይለወጣል። ዝርያ አሻሻዮች ይህን ይወዱታል፤ በሽታ የሚችል ወይም ቶሎ የሚያፈራ የሚያገኙት አንዳንዴ ከዚሁ ነው። ከእኛ እንሰት አንዱ ቀይነቱን አጥቶ ይሆናል። ለውጡን ጠርሙሱ አመጣው፤ እሱን መርጬ እውነተኞቹን የጣልሁት ግን እኔ ነኝ፣ አንድ በአንድ፣ በገዛ እጄ።

ለእኅቴ «ቆይ፣ ሌሎቹን አይቼ ልንገርሽ» አልኳት። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብቼ የታችኛውን መደርደሪያ ጠርሙሶች ሁሉ አወረድሁ፤ እያንዳንዱን ወደ መብራቱ አንስቼ አየሁ። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ጤነኛ። እንዲህ ንጹሕ መደርደሪያ በላቦራቶሪው ውስጥ አልነበረም። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ጓንቴን ስላላወለቅሁ እንባዬን በክርኔ ነበር የምጠርገው።

በዚያው ዕለት ሳይመሽ ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ከቤቱ ጀርባ ቦታውን ባዶ አድርጌ ነበር» አለች። «ልጆቹ ባህር ዛፍ እንትከልበት ሲሉ አክስታችሁ ትልካለች እያልሁ። እንግዲህ ይትከሉበት?»

«ይትከሉበት» አልኳት።

እሑድ ደረሰ። ስልኩ በሰዓቱ አልጮኸም፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ እኔ ደወልኩ። አነሳች። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ጤናዋን ጠየቅኋት፣ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ «እንዴት ሰነበተ?» የምትለው አልነበረም።

«ዝናብ አለ?» አልኳት።

«አለ» አለች።